የጣዩ ብርጭቆ

ሰውየው ሲጸየፍ ያምርበታል ይባል ነበር። ሌላው ሰው ሲስቅ ወይ ሲጫወት ያምርበታል፤ እሱ ግን አፍንጫውን ሰብስቦ፣ የላይ ከንፈሩን ጎትቶ «ኤጭ» ሲል ነው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየው። ቀን ቀን መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነው። ከተፈታኙ ጎን ይቀመጣል፣ ቀበቶውን ያስራል፣ «ንዳ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አይልም። መስታወት ሳያይ ከቆመበት የተነሳ፣ ፍሬቻ ያዘገየ፣ መስመር የረገጠ እንደሆነ ብቻ ወደ መስኮቱ ዞሮ በረጅሙ ይተነፍሳል። ያን ትንፋሽ የሰማ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ መውደቁን ያውቃል። «ጣዩ» የሚል ስም የወጣለት በዚህ ነው። የእናቱን ልጅ ቢያገኝ እንኳ ይጥላል ይሉታል፤ ሲሉት ግን ቀልዳቸውን ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ ቢራ ይጥላል። በሚኖርበት ከተማ የራሳቸውን ቢራ እየጠመቁ በቧንቧ የሚቀዱ ትናንሽ ድራፍት ቤቶች እንደ አሸን ፈልተዋል። አንዱ እንደ ሬት የሚመር ይቀዳል፣ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ ይጨምርበታል፣ ሌላው ብቅሉን በጭስ አጥቁሮ እንዲህ ያለ ቀምሳችሁ አታውቁም እያለ ይምላል። ጣዩ ከሥራ ሲወጣ ወደ አንዳቸው ጎራ ይላል። አረፋውን ያያል፣ አፍንጫውን ይሰዳል፣ አንድ ጉንጭ ይዞ ምላሱ ሥር ያቆየዋል፣ ከዚያ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡንም ከሁለት መስመር ስድብ ጋር ስልኩ ላይ ባለው ገጹ ይለጥፋል። ሕዝቡ ቅዳሜ የት እንደሚጠጣ የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። ጉቦ አይበላም፣ ይሉኝታ አያውቅም፣ ወዳጅና ጠላት አይለይም ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ ጣዩ በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ታዲያ ጣዩ በድራፍት ቤት ብርጭቆ አይጠጣም። ሳሙናው በደንብ ያልለቀቀ ብርጭቆ አረፋ ይገድላል፤ አረፋው የሞተ ቢራ ሲመጣልህ ደግሞ ጠማቂውን ትረግማለህ እንጂ ዕቃ አጣቢው ትዝ አይልህም። ስለዚህ የራሱን ብርጭቆ ገዛ፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ ስስ ብርጭቆ። ክዳን ያለው የእንጨት ሳጥን አሠራለት፣ ለስለስ ያለ ነጭ ጨርቅም አዘጋጀለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን በሙቅ ውኃ ያለቀልቃል፣ በጨርቁ ያደርቃል፣ በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ሳሙና የነካው ጨርቅ መልሶ ብርጭቆውን ሳሙና ያስነካዋል ብሎ፣ ጨርቁንም ከውኃ በቀር ምንም እንዳይነካው ከለከለ። ሚስቱ አንድ ቀን እንደ ደህና ነገር ከሌላው ልብስ ጋር ልታጥበው ብታነሳው ቤቱ ተቃጠለ የተባለ ይመስል እየሮጠ መጣ። «እጅሽን ሰብስቢ» አላት፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ዞራ አላየችውም።

እንግዲህ ካለፈው የዝናብ ወራት ወዲህ ዓለም ከረፋች። መክረፏን የሚያውቀው ግን ጣዩ ብቻ ነው። የሄደበት ቤት ሁሉ፣ ቀዩም ጥቁሩም ቢራ፣ ከሥሩ አንድ ጠረን ይዞ ይመጣበት ጀመር፤ ባልዲ ውስጥ የከረመ የወለል መወልወያ ጠረን። መጀመሪያ በአንድ ቤት፣ ቀጥሎ በሁለት፣ ኋላ በሁሉም። ሌሎቹ ሲጠጡ ያያቸዋል፤ እየሳቁ ይጨልጡታል፣ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ይህ ሕዝብ ምን ቢያጠጡት ይጠጣል፣ የእግር እጣቢ ቢሰጡትም አመስግኖ ይሄዳል እያለ በሆዱ ይሰድባቸዋል። ጠማቂዎቹ ሰንፈዋል፣ ቧንቧ ማጠብ ትተዋል፣ በእድፍ እየነገዱ ነው አለ። ነጥቡ ከስምንት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሦስት ወረደ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ደስ አለው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እድፍ የሚሸተው እሱ ብቻ መሆኑ ደረቱን ነፋው።

የጭስ ቢራ የሚቀዳው ባለ መነጽሩ ሰውዬ ነጥቡን አይቶ አላስችል ቢለው፣ በጠጪው ሁሉ ፊት ቧንቧውን ፈትቶ አሳየው። «ጋሼ፣ ይኸው ይዩት፤ ትናንት ነው የታጠበው፤ በልጆቼ እምላለሁ።»

«ልጆችህን ተዋቸው፣ ምን አደረጉ» አለው ጣዩ። ሦስት ሰጠውና ወጣ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ቆማለች። «ይሄ ሳጥንህ ይሸታል፤ ልብሴን ሁሉ አሸተተብኝ።»

«አንቺ ደግሞ ከሽቶ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

«ሽቶ የማውቅ ከሆነ ሽቶ ያልሆነውንም አውቃለሁ። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ።» ነገር ሲበዛ የማይወድ ሰው ነውና ሳጥኑን አንስቶ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር ወሸቀው። ፀሐይ ሲያንቃቃው የሚውል መኪና ነው፤ መስኮቱም አይከፈትም፣ አቧራ ይጠላል።

ነገር የመጣው በእህቱ ነው። እህቱ የመጨረሻዋ ልጅ ናት፤ አባታቸው ሲሞት ጡት ከጣለች ብዙም አልቆየች፣ ያሳደጋት እሱ ነው። ልጅ ሳለች ዓይኗን በእጁ ይሸፍንና አንድ ነገር ከአፍንጫዋ ሥር ይይዝላታል፤ ሎሚ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ዝናብ የነካው አፈር። አውቃ ስትናገር «የኔ አፍንጫ» ይላታል። አድጋ መድኃኒት ቤት ገባች፤ ቅባት ስትበጠብጥ፣ ሽሮፕ ስትለካ ከረመች፤ ማታ ማታ ግን ጓሮዋ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ለመደች። በኋላ ሥራዋን ትታ፣ ቀድሞ ጎሚስታ የነበረ ቤት ተከራይታ፣ ወለሉን ፍቃ፣ ግድግዳውን ቀብታ፣ አራት ቧንቧ የተከለች ድራፍት ቤት ከፈተች። ያላትን ጥሪት ሁሉ እዚያ ውስጥ ደፋችው።

ሊከፈት ሰሞን ወንድሟን ጠርታ እንዲህ አለችው፦ «ጋሼ፣ እንደ ማንኛውም ቤት ፍረደኝ። እህቴ ናት ብለህ አንዲት ነጥብ እንዳትጨምር፤ ሰው ይንቀኛል።»

«እኔ? ነጥብ ልጨምር?» አለ። ይህን ማሰቧ ራሱ ቅር አሰኘው።

የመክፈቻው ቀን ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ጣዩ ሳጥኑን ይዞ ሲገባ መንገድ ለቀቁለት። ብርጭቆውን አውጥቶ፣ በጨርቁ አንድ ጊዜ ወልወል አድርጎ፣ ወደ መብራቱ አንስቶ አየው፤ ጠብታ እድፍ የለበትም፣ ያበራል። እህቱ በገዛ እጇ ቀዳችለት። ቀለሙ ወርቅ ነው፣ አረፋው ጣት ቢያስቀምጡበት የሚሸከም። ጣዩ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። አፍንጫውን ወደ ብርጭቆው ሰደደ።

ያው ጠረን። እንዲያውም ባሰ። አረፋው ጠረኑን ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ እርጥብ፣ የሞቀ፣ የጎመዘዘ፣ ሰው ከአልጋው ሥር የረሳው የእግር ሹራብ ያለበት። አንድ ጉንጭ ያዘ። ምላሱ ሥር ሲደርስ ምራቁ አልታዘዝ አለው፣ ጉሮሮው ተዘጋ። በጓሮ በር ወጥቶ ተፋው። ዞር ሲል እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። መኪናው ውስጥ ገብቶ ጻፈው፦ «ሁለት። የእርጥብ ጨርቅ ጭማቂ። እህቴን እወዳታለሁ፤ ቢራዋን ግን ውሻ አይልሰውም።»

ጉድ ፈላ። ጣዩ የእናቱን ልጅ ጣለ ተባለ፣ ስሙ ሰማይ ነካ። የእሷ ቤት ግን መጫወቻ ሆነ። ተሰብስበው ይመጡና «እስቲ አንድ ጨርቅ ቅጂልን፣ በደንብ ይጨመቅ» ይሏታል። መጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው ብለው ደጋግመው የጠጡት ሰዎች እንኳ ስልካቸውን ካዩ በኋላ ሸተታቸው። አሁንስ እኔም ጨርቅ ጨርቅ አለኝ እያሉ ብርጭቆውን ወደ ጎን ይገፋሉ። ሰው ምን ያህል ከንቱ ነው ጃል። ቀስ በቀስ ለቀልድ የሚመጣውም ቀረ።

እሷ ጠዋት ጠዋት በርሜሎቹን ከፍታ አፍንጫዋን ትከታለች። ብቅል ይሸታታል፣ እንደ ማር ያለ ነገር ይሸታታል፤ ጨርቅ የለም። ሌላ ሰው ብትሆን ወንድሜ አብዷል ትል ነበር። እሷ ግን ጋሼ ሸተተኝ ካለ ሸቷል፣ የሞተው የኔ አፍንጫ ነው አለች። በርሜሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች ጓሮ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ደፋችው። ያ ሁሉ ቢራ አረፋውን እየነፋ ሲወርድ ቆማ አየችው። ከዚያ ቧንቧዎቹን ፈትታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ እጇ በማጽጃው መድኃኒት እስኪላጥ ድረስ ፈተገች። እንደገና ጠመቀች። ሲደርስም ደወለችለት።

ጣዩ ሲመጣ ቤቱ ጭር ብሏል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ብርጭቆዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። እህቱ ከስታለች፤ ጣቶቿ በፕላስተር ተጠምጥመዋል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ካርቶን?»

«መድኃኒት ቤቱ ተመለሺ ብሎኛል» አለች። «አሁን ቅመስልኝ። የጨርቁ ሽታ ከለቀቀ ነገ እከፍታለሁ። ካልለቀቀ ጠዋት ዕቃውን የሚወስድ መኪና ይመጣል። በራሴ አፍንጫ እንደሆነ አልተማመንም።»

ሳጥኑን ከፈተ፣ ብርጭቆውን ወለወለ፣ ሰጣት። ቀዳችለት። ጣዩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመዋሸት ወስኖ ነው የመጣው፤ መንገዱን ሁሉ «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» እያለ ሲለማመድ ነበር። አፉን ግን መግዛት አቃተው። አፍንጫው ገና አረፋው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራሱ ጊዜ ተጨማደደ፣ የላይ ከንፈሩ ወደ ላይ ተጎተተ። ያ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ፊት መጣ። እህቱ አየችው።

«በቃ» አለች። ብርጭቆውን ተቀብላ ቢራውን ደፋችውና ወንበር አውርዳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

አፉ ውስጥ ያ ጠረን ተጋግሯል። «እባክሽ ውኃ ስጪኝ» አላት። ወደ ካርቶኖቹ አየች፣ ጠቅልላ ያሰረችውን መፍታት ታከታትና የራሱን ብርጭቆ አለቅልቃ ከማሰሮው ውኃ ሞላችለት። ሳያሸት ተጎነጨው።

ወዲያው ተፋው። «ውኃውም ተበላሽቷል!»

«የቱ ውኃ?» አለች። «አሁን ከዚሁ ጠጥቻለሁ።» ማሰሮውን አንስታ በአፏ ጠጣች። ጠጥታ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደችና አፍንጫዋን ከተተች። እንደ ልጅነቷ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው የምታየው ወንድሟን ሳይሆን ሳጥኑን ነው።

ጨርቁን በሁለት ጣት ጫፍ አንስታ አወጣችው። ነጭ ነበር፤ አሁን አመድ መስሏል። እጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ አብቅሏል፣ ጠርዙ እንደ ዓሣ ሆድ ያሙለጨልጫል፣ ሲዘረጋ ከራሱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ጣዩ ይህን ጨርቅ በየቀኑ ይይዘዋል፤ ሲይዘው ግን ዓይኑ ሁልጊዜ ብርጭቆው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን መቼ ነው ያጠብከው?»

«በየቀኑ ነዋ። በሙቅ ውኃ።»

«በሳሙናስ?»

«ሳሙና አረፋ ይገድላል» አለ። ሲናገረው ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

አልጮኸችበትም። ተጠጋችና፣ እሱ ድሮ ሎሚውንና እርሳሱን እንደሚይዝላት፣ ጨርቁን ከአፍንጫው ሥር ያዘችለት። ጣዩ አንድ ጊዜ ሳበው። ጥርጥር የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ በየቤቱ ሲያሳድደው የኖረው እድፍ ይኸው ጨርቅ ነው፣ ተሸክሞት የሚዞረው ራሱ ነው፣ ሲምገው የከረመውም ራሱ ነው። ወደ ጓሮ ሮጠ። አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰው፤ ያስመለሰውም እሷ በርሜሎቿን በደፋችበት ቀዳዳ ነው።

አፉን ጠርጎ ሲመለስ እዚያው ቆማ ጠበቀችው። «ያ የደፋሁት» አለች፣ «ጥሩ ነበር ማለት ነው?»

«አላውቅም» አለ ጣዩ። «አልቀመስኩትማ።»

እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና ጻፈ፦ «ጨርቁ የኔ ነው። የእህቴ ቢራ ምንም የለበትም። የጣልኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ።» መልሱ ወዲያው ዘነበ። ደሙ ናት፣ አሳዘነችው አሉ። ሚስቱ አስገድዳው ነው ያለም አለ። አንዱማ ጣዩም እንደ ሰው ይሉኝታ ያዘው ብሎ አዘነለት። ሁለት መስመር ስድቡን ሲያምን የኖረ ሕዝብ እውነቱን አላምን አለ።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ ሳጥኑን ብብቱ ሥር ይዞ ድራፍት ቤቶቹን ሁሉ ዞረ። የጣላቸውን፣ የሰደባቸውን፣ አንድም ሳያስቀር። ይገባና ክዳኑን ይከፍታል፣ «አሽቱት» ይላል፣ ሳጥኑን በየጠረጴዛው ያቀርባል። አንዷ አፏን ይዛ ወጣች። አንዱ ኦቾሎኒውን ተፋ። ሳቁ መንገድ ድረስ ይሰማል፤ ጣዩ ወድቋል፣ ጣዩን ጨርቁ ጣለው እያሉ ይደልቃሉ። እሱ ላብ አጥምቆት፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ሳጥኑን ወደሚቀጥለው ሰው ያዞራል። ባለ መነጽሩ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ቀና ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

«ቧንቧዬን ፈትቼ በሰው ፊት አሳየሁህ» አለው። «ዓመታት አብሮኝ የሠራውን ቧንቧ አጣቢ በአንተ አፍንጫ አባረርኩት። ቤቱ ሄጄ ምን ልበለው?»

ጋሼው ቀርቷል፣ አንቱታውም ቀርቷል። ጣዩ አንገቱን እንደደፋ ሳጥኑን ዘጋ። «አድራሻውን ስጠኝ» አለ። «እኔ ሄጄ እነግረዋለሁ።» ሄዶም ነገረው፤ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳጥኑን ከፍቶ። ቧንቧ አጣቢው አንድ ጊዜ አሸተተና በሩን ዘጋበት።

ከዚያ ወዲያ ነው ሰው ማመን የጀመረው። ያሸተተው ላላሸተተው እያወራ፣ የዚያች ልጅ ቢራ በከንቱ ተደፋ እያለ፣ አንዳንዱ ይቅርታ ለማለት፣ አንዳንዱ ለወሬ ጎሚስታው ቤት ብቅ ብቅ አለ። ዕቃውን የሚጭነውን መኪና እህቱ ያኑ ማታ አስቀርታው ነበር። ብርጭቆዎቹ ከካርቶን ወጡ።

ጣዩ አንድ ማምሻውን ባዶ እጁን ገባ። ገጹን ዘግቷል፣ ሳጥኑንም ከነጨርቁ አቃጥሎታል፤ ሲቃጠል ሰፈሩን ሁሉ አሸተተ እያለች ሚስቱ እስከ ዛሬ ታማርራለች። እህቱ እጇ ድኗል። በቤቱ ብርጭቆ፣ በሳሙና በታጠበው ብርጭቆ ቀዳችና አስቀመጠችለት። አረፋው እንዳለ ነው፣ አልሞተም። ጣዩ አሸተተ። ብቅል ሸተተው፣ እንደ ማር ያለ ነገርም ሸተተው። ጠጣ፤ ጉሮሮው ተከፈተለት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው፣ የኔ አፍንጫ።»

እህቱ ባንኮኒው ላይ የፈሰሰውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች።

«የተደፋው ከዚህ ይሻል ነበር» አለችውና ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።